ሰላጣው ሳይበላ አገዳ አወጣ፤ ጥፋቱ የዘሩ ነው ወይስ የሙቀቱ?

ይህን የኢንተርኔት መድረክ የውይይት ክር የከፈተው አዳማ ውስጥ በጓሮው አትክልት የሚያለማ ሰው ሲሆን፣ ጽሑፉ ግማሹ ጥያቄ፣ ግማሹ ክስ ነበር። በመጋቢት መጀመሪያ አንድ ፓኬት የሰላጣ ዘር ገዝቶ፣ መደቡን አለስልሶና የበሰበሰ ፍግ ጨምሮ፣ ዘሩን እንደ ባቄላ በጣቱ እየቀበረ ቢያጠጣም እዚህና እዚያ ጥቂት ችግኝ ብቻ ብቅ አለለት። ንዴቱን ዋጥ አድርጎ ከሌላ ሱቅ ሁለተኛ ፓኬት ገዛ፤ ከዚያኛው አንድም አልበቀለም። ከመጀመሪያው የተረፉት ጥቂቶቹም ቅጠላቸው በቅጡ ሳይሰፋ ከመሐላቸው አገዳ ወጣና ቅጠሉ መረረ፤ ልጆቹ ቀምሰው ተፉት። ከዚህ ተነስቶ ሦስት ነገር ጻፈ። የዘር ነጋዴዎች ጊዜው ያለፈበትን ዘር በአዲስ ፓኬት እያሸጉ እንደሚሸጡ አምኗል፤ ሰላጣ ለኢትዮጵያ አየር የማይሆን የፈረንጅ አትክልት ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሷል፤ መራራው ቅጠል ልጆቹን ይጎዳ እንደሆነም ጠይቋል። ምላሾቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሃያ ሰባት ደረሱ። ከዚህ በታች የምዘግበው የእነርሱን ሐሳብ በራሴ አነጋገር ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው ምላሽ የመጣው ሆለታ አካባቢ ሰላጣና ቆስጣ እያመረተ ለገበያ ከሚያቀርብ ገበሬ ነው። ጠያቂውን ወንድሜ እያለ፣ ከመፍረዱ በፊት ዘሩን የዘራው በስንት ሰዓት እንደነበረ፣ መደቡ ጥላ ያገኝ እንደሆነና አፈሩ በቀትር ምን ያህል እንደሚግል ጠየቀው። ሰላጣ ብርድ ወዳድ ተክል እንደሆነና ብዙዎቹ ዝርያዎች የአፈሩ ሙቀት ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ሕያው ሆነው ሳለ መብቀል እንደሚያቆሙ አስረዳ። ዘሩ አልሞተም፤ ተኝቷል። በመጋቢትና በሚያዝያ አዳማ ላይ ፀሐይ የሚመታው ባዶ መደብ ከዚህ ልክ እንደሚያልፍ ለማወቅ ቴርሞሜትር እንኳ አያስፈልግም፤ መዳፍን አፈሩ ላይ ማሳረፍ ይበቃል። ስለዚህ ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አንድ ሁለት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ መዝራት፣ መደቡንም ችግኙ ብቅ እስኪል በስስ የሣር ጉዝጓዝ መሸፈን ይሻላል ብሎ መከረ።

2ኛው ምላሽ ሰጪ፣ አስተማሪ መሆኑ ከአጻጻፉ የሚታወቅ ሰው፣ በሙቀቱ ተስማምቶ ብርሃንን ጨመረበት። የሰላጣ ዘር ደቃቅ ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ ወደ 1000 የሚጠጋ ፍሬ ይገኛል። እንዲህ ያለው ዘር በውስጡ የያዘው ስንቅ ጥቂት ስለሆነ በጣት ጥልቀት ከተቀበረ ወደ ላይ ለመውጣት አቅም ያጥረዋል፤ ከዚያም አልፎ አንዳንዱ ዝርያ ብርሃን ካላየ ጨርሶ አይበቅልም። አስተማሪው በ1952 ሜሪላንድ ውስጥ ቤልትስቪል በሚገኘው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምርምር ማዕከል ሃሪ ቦርትዊክ፣ ስተርሊንግ ሄንድሪክስና ባልደረቦቻቸው ያደረጉትን ሙከራ በሰፊው ተረከ። ግራንድ ራፒድስ የተባለውን የሰላጣ ዝርያ ዘር ጨለማ ውስጥ አርጥበው ቀይ ብርሃን ለአጭር ጊዜ ሲያበሩበት በቀለ፤ ከቀይ ብርሃን በኋላ ዓይን በቅጡ የማያየውን ሩቅ ቀይ ብርሃን ሲያበሩበት ግን ሳይበቅል ቀረ። ሁለቱን ብርሃኖች እያፈራረቁ ደጋግመው ቢያበሩም ውጤቱን የሚወስነው ሁልጊዜ የመጨረሻው ብርሃን ሆኖ ተገኘ። ዕፅዋት ብርሃንን የሚለዩበት ፋይቶክሮም የተባለው ነገር ሊታወቅ የቻለው በዚህ መንገድ ነው። ሥራውም ለዘሩ የሚጠቅም ነው፤ የሌሎች ዕፅዋት ቅጠል ቀዩን ብርሃን ውጦ ሩቅ ቀዩን ስለሚያሳልፍ፣ በጥላ ሥር የወደቀ ዘር ከበላዩ ተሻሚ እንዳለ አውቆ ይጠብቃል።

3ኛው ምላሽ ላይ ቃናው ተቀየረ። ደብረ ብርሃን አድጌአለሁ ያለ ሰው አያቱ ሰላጣ ሲዘሩ አፈር አልብሰው በእግራቸው ጠቅጠቅ ያደርጉት እንደነበረና አንድም ቀን አልበቅልም ብሎ እንደማያውቅ ጽፎ፣ የላቦራቶሪ ወሬ ለገበሬ ምን ይፈይዳል ሲል አስተማሪውን ሸነቆጠ። አስተማሪው ከመመለሱ በፊት 4ኛው ገላጋይ ሆኖ ገባ። ብርሃን የግድ የሚለው ሁሉም ዝርያ እንዳልሆነ፣ ስስ አፈር ብርሃን እንደሚያሳልፍና የደብረ ብርሃን አፈር በቅዝቃዜው ብቻ ብዙ ነገር እንደሚያቃልል አመልክቶ ሁለቱም ያዩትን መናገራቸውን ገለጸ። ቀጥሎ ያቀረበው ሐሳብ ግን ከሁሉም የሚረባ ነበር። ጠያቂው ከሁለቱም ፓኬቶች የተረፈ ዘር ካለው ሃያ ሃያ ፍሬ ለይቶ በአራት እርጥብ ጨርቅ ላይ ይዘርጋ፤ ከየፓኬቱ አንዱን ጨርቅ ጥላ ባለበት ክፍል የውሃ እንስራው አጠገብ፣ አንዱን ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሙቀት በሚበረታበት ቦታ ያኑር። ነጋዴው አታሏል አላታለለም የሚለው በወሬ ሳይሆን በዚህ ይለያል አለ። 5ኛው ምላሽ ሰጪ ግን ፈተናውን ወደ ጎን ትቶ እርሱም የካሮት ዘር ገዝቶ እንዴት እንደተቃጠለ በሰፊው አማረረ።

ከ6ኛው እስከ 8ኛው ያሉት ምላሾች ሰላጣው ለምን ቀድሞ አገዳ አወጣ በሚለው ላይ ናቸው። 6ኛው፣ ሰላጣ የሚያብበው ቀኑ ሲረዝም ነው የሚለውን አንብቦ፣ በኢትዮጵያ ሌሊትና ቀን ዓመቱን ሙሉ እኩል ስለሆነ ምክንያቱ ዘሩ ብቻ ሊሆን ይችላል ብሎ በእርግጠኝነት ጻፈ። 7ኛው ከስቶክሆልም ሲጽፍ፣ በሰኔ መጨረሻ ቀኑ አሥራ ስምንት ሰዓት በሚያልፍበት በዚያ ከተማ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ በረንዳው ላይ ያለው ሰላጣ አገዳ እንደሚያወጣበት፣ በነሐሴ መጀመሪያ የዘራው ግን እንደሚታገስለት ተናገረ። 8ኛው ሁለቱን አስማማ። የቀን መርዘም አንዱ ገፊ ምክንያት ነው፤ በአዳማ ኬክሮስ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ለእኛ ዋናው ገፊ ሙቀቱ ነው፤ ሌሊቱም ሳይበርድ ሲቀር ይብሳል። በዚህ ላይ ውሃ አንድ ቀን ጠጥቶ ሦስት ቀን የሚጠማ፣ ወይም ሳይሳሳ ተጨናንቆ የቆመ ችግኝ ቶሎ ወደ አበባ ይሮጣል። 6ኛው ጸሐፊ ሌሊትና ቀን እኩል ነው ማለቱ ለዕለት ኑሮ በቂ ቢሆንም ለተክል በቂ አይደለም የሚል ጨዋ እርማትም ታክሎበታል።

9ኛው ምላሽ ስለ ምሬቱ ነበር። ጸሐፊዋ አገዳ ያወጣ ሰላጣ ስትሰብር ከስብራቱ ላይ ወዲያው ነጭ ወተት ነጥቦ እንደሚወጣ፣ ጣት ላይ ሲደርቅ ቡናማ ሆኖ እንደሚጣበቅ ገለጸች። በዚህ ወተት ውስጥ ላክቱሲንና ላክቱኮፒክሪን የተባሉ መራራ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ተክሉ ቅጠል በላተኛ ነፍሳትን የሚከላከለው በእነርሱ ነው። በለጋነቱ ጥቂት ነው፤ አገዳው ሲነሳ ይበዛል። ለምግብ የሚዘራው ሰላጣ ልጆቹን እንደማይጎዳና ከምላስ በቀር የሚከፋው እንደሌለ አረጋጋች። አክላም ጋን ያጠበ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የግራዋ ምሬት የሚሰጡት ነገሮች ከሰላጣው ጋር በኬሚካል ወገን አንድ መሆናቸውን ጠቀሰች። ይህች ጭማሪ ብዙ ሰው አስገርማለች፤ እኔንም ጨምሮ።

10ኛው ይህን ሰምቶ ወተቱ እንቅልፍ እንደሚያመጣ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ከኦፒየም ይልቅ በመድኃኒትነት ይሰጥ እንደነበረ ጽፎ፣ አገዳውን ጨምቆ ማታ ማታ መጠጣትን መከረ። 11ኛዋ ፋርማሲስት ነኝ ያለች ሴት ሳታለሳልስ መለሰችለት። የሰላጣ ወተት ደርቆ በመድኃኒትነት ይሸጥ እንደነበረ እውነት ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ሞርፊንም ሆነ ሌላ የኦፒየም ዓይነት ንጥረ ነገር የለም፤ ለዚያ ይወሰድ የነበረውም በአብዛኛው በጓሮ ከሚበቅለው ሳይሆን ላክቱካ ቪሮሳ ከተባለው ዱር በቀል ዘመዱ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ እንጂ ከመድረክ ላይ መጠኑ ያልታወቀ ጭማቂ አይቅዳ ብላ ደመደመች። 12ኛው ምላሽ የዚያው የ10ኛው ሰው ነው፤ ስለ ሰላጣ አንድም ቃል ሳይጨምር ስለ ፋርማሲስቷ ትሕትና ብቻ ጻፈ። እዚያ ላይ ክሩ ሊበላሽ ነበር።

ያዳነው 13ኛው ነው፤ አንድ የዕፅዋት ተማሪ። ሰላጣ የኑግ፣ የሱፍና የአደይ አበባ ቤተ ዘመድ እንደሆነ፣ አንድ አበባ የሚመስለን በእርግጥ የብዙ ደቃቅ አበቦች ስብስብ እንደሆነ አስረዳ። የሰላጣዋ ትንሽ ቢጫ አበባ ጠዋት ተከፍታ ብዙም ሳትቆይ ትከደናለች፤ በውስጧ ያለው እያንዳንዱ አበባ አንድ ዘር ይሰጣል፤ ዘሩ ሲደርስ ነፋስ የሚይዘው ነጭ ጸጉር ያወጣል። ተክሉ በአመዛኙ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለሆነ ጎረቤት የተዘራ ሌላ ዝርያ ብዙም አያሰጋውም፤ ስለዚህ ነጋዴ ያማረረው ሰው አገዳ ያወጡትን ከመንቀል ትቷቸው የራሱን ዘር ሊሰበስብ ይችላል አለ።

14ኛው ምላሽ አራት መስመር ብቻ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከክሩ ሁሉ የላቀው ነው። ጸሐፊው 13ኛውን ጋሼ እያለ በአክብሮት አመስግኖ አንድ ነገር ጠቆመ። አዳማ ላይ ቀድመው አገዳ ካወጡት ዘር የሚሰበስብ ሰው ሳያውቀው ቶሎ የሚያብብ ሰላጣ እየመረጠ ነው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከበፊቱ የባሰ ዘር በእጁ ይገባል። መተው ያለበት የመጨረሻውን፣ ሌሎቹ ሁሉ ሲያብቡ ቅጠሉን ይዞ የቆየውን ነው። የሚያጓጓው ግን ተቃራኒው ነው፤ ዘግይቶ የቆየው ያማረ ስለሆነ ይበላል፣ የማይረባው ለዘር ይቀራል። በጎመንም በቃሪያም ይኸው ሲደረግ እናያለን።

15ኛው ይህን ይዞ ወደ ጥንቱ ሄደ። የዛሬው ሰላጣ የተገኘው በመንገድ ዳር ከሚበቅለውና ቅጠሉ እሾህ ካለበት ላክቱካ ሰሪዮላ ነው። በ2021 የ445 ሰላጣዎችንና ዱር በቀል ዘመዶቻቸውን የዘር ውርስ ያነጻጸረ ጥናት ሰላጣ በመጀመሪያ ለማዳ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 4000 ዓመት ገደማ በካውካሰስ አካባቢ እንደሆነ አሳይቷል። ከመጀመሪያዎቹ ለውጦች አንዱ ዘሩ ሲደርስ አለመርገፉ ነው፤ ይህም ሰው መጀመሪያ የፈለገው ዘሩን እንጂ ቅጠሉን እንዳልነበረ ይጠቁማል። ግብፃውያን ከዘሩ ዘይት ይጨምቁ ነበር፤ ሚን ለተባለው የልምላሜ አምላካቸውም የተቀደሰ ስለነበረ ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም ሰላጣ ከአምላኩ ምስል ጋር በግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይታያል። ቅጠሉ እየሰፋ፣ እሾሁ እየጠፋ፣ ምሬቱም እየቀነሰ የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው ረጅም ምርጫ ነው። 16ኛው በዚህ ተነሳስቶ ግብፅ ከደረሰ መነሻው ኢትዮጵያ መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ። 17ኛው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችንን ዞሮ እንዳየና ጤፍና ኑግን የመሳሰሉ ሰብሎች መነሻቸው እዚህ መሆኑ እንደሚበቃን፣ የሌላውን ሰላጣ መንጠቅ እንደማያስፈልገን በቀልድ መለሰለት።

18ኛዋ ከነታንያ የጻፈች እናት ናት። በእስራኤል በፔሳሕ፣ ማለትም በአይሁድ ፋሲካ፣ ማዕድ ላይ ለመራራው ቅጠል በብዛት የሚቀርበው ሰላጣ መሆኑን፣ ሚሽና የተባለው ጥንታዊ የአይሁድ የሕግ መጽሐፍም ለዚህ የሚሆኑትን ዕፅዋት ሲዘረዝር የሚጀምረው በእርሱ መሆኑን ነገረች። ከሱቅ የሚገዛው ሰላጣ ጣፋጭ ሆኖ ሳለ ለምን መራራ ይባላል ብለው ልጆቿ ሲጠይቋት ትቸገር እንደነበረ፣ የኢየሩሳሌም ታልሙድ ግን ሰላጣ መጀመሪያው ጣፋጭ፣ መጨረሻው መራራ እንደሆነ ሁሉ ግብፃውያንም እስራኤልን እንዲሁ አደረጓቸው የሚል ንጽጽር እንዳለው ጻፈች። ከ9ኛው ምላሽ ጋር አያይዛ፣ ያን የተናገሩት ሊቃውንት አገዳ ያወጣ ሰላጣ በጓሯቸው ያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው አለች። ከመነሻው ጥያቄ የራቀ ቢመስልም በትክክል መልስ የሰጠ ሰው ካለ እርሷ ናት።

19ኛው ምላሽ ሰላጣን ከመትከል ወደ መብላት ወሰደው። አዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዞች ዳር፣ በፋብሪካ ፍሳሽና በቆሻሻ በተበከለ ውሃ የሚለማ ሰላጣ በጾም ወራት ከየበያይነቱ ትሪ እንደማይጠፋ አንስቶ እርሱ ከቤቱ ውጭ ሰላጣ እንደማይቀምስ ገለጸ፤ ገበሬዎቹንም ሕሊና ቢሶች አላቸው። 20ኛው የእነዚያ ገበሬዎች ልጅ ነው፤ ቁጣውም የተገባ ይመስለኛል። ወላጆቹ በዚያ ማሳ ላይ ልጆች አሳድገዋል፤ ወንዙን ያቆሸሹት እነርሱ አይደሉም፤ ውሃው ከላይ ተበክሎ ሲወርድ ዝም ያለ ሰው ከታች ያለውን ገበሬ ሊሰድብ አይገባውም አለ። ሦስት አራት ጊዜ የደጋገመው አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ከዚያ ውሃ ሌላ የትኛውን ውሃ አመጣችሁላቸው የሚል።

21ኛዋ፣ የምግብ ደኅንነት ባለሙያ የምትመስል ሴት፣ ንዴቱን ሳትነካ ነገሩን ለሁለት ከፈለችው። ጀርምና የጥገኛ ትላትል እንቁላል ቅጠሉ ላይ የሚያርፉ ናቸው፤ ካድሚየምና ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች ግን በሥር በኩል ወደ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚገቡ የትኛውም ማጠቢያ አያወጣቸውም። በአዲስ አበባ ማሳዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም እነዚህን ብረቶች ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን ይልቅ በብዛት እንደሚሰበስቡ አሳይተዋል። ስለዚህ የብረቱ መፍትሔ ወንዙ ጋ እንጂ ወጥ ቤት አይገኝም። ለጀርሙ፣ ቅጠሎቹን ከግንዱ አንድ በአንድ ለይቶ እያንዳንዱን በሚወርድ ንጹሕ ውሃ በጣት እያሹ ማጠብ ከሁሉ ይቀድማል። አቼቶ ከጀርሙ ጥቂቱን ይቀንሳል እንጂ አያጸዳም፤ በረኪና ጠብ ያለበት ውሃ ባክቴሪያን ቢገድልም የወስፋትን እንቁላል አይደፍረውም። 22ኛው ከቨርጂኒያ ሆኖ ታጥቦ የታሸገ ሰላጣም ቢሆን ዋስትና እንደማይሆን አስታወሰ፤ በ2018 ከአሪዞና ዩማ አካባቢ በመጣ ሮሜይን ሰላጣ ላይ በነበረ ኢ ኮላይ ሳቢያ 210 ሰዎች ታመው 5 ሞተዋል፤ ባክቴሪያውም በአካባቢው የመስኖ ቦይ ውሃ ውስጥ ተገኝቷል።

በ23ኛው ጠያቂው ተመልሶ መጣ። የ4ኛውን ፈተና አድርጎት ነበር። የመጀመሪያው ፓኬት ዘር እንስራው አጠገብ በአመዛኙ በቅሏል፤ ቆርቆሮው ሥር ከተቀመጠው ግን የበቀለ የለም። ሁለተኛው ፓኬት በሁለቱም ቦታ ዝም አለ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ነጋዴ ከክሱ ነጻ አወጣ፤ ሁለተኛውን ግን አልማረውም፤ በዚህ ላይ የተከራከረው ሰው አልነበረም። የሚቀጥለውን ዘር በኅዳር፣ ሌሊቱ ሲበርድ እንደሚዘራና እስከዚያ ግን ጥላ ሠርቶ እንደሚጠብቅ ጽፎ፣ እንደ ሆቴሎቹ የሚጠቀለለውን ማብቀል እፈልጋለሁ አለ።

24ኛው ይህን ምኞት አቀዘቀዘበት። ተጠቅልሎ የሚደድረው አይስበርግ ሰላጣ በርፒ የተባለው የዘር ድርጅት በ1894 ለገበያ ያቀረበው ሲሆን፣ በኋላ በካሊፎርኒያ ሳሊናስ ሸለቆ የባሕር ጉም በሚያቀዘቅዘው ምድር ላይ ለምቶ፣ በረዶ እየተከመረበት በባቡር አገር አቋርጦ የሚጓዝ ሰብል ሆነ። ጭንቅላቱ እንዲጠቀለል ረጅም ቀዝቃዛ ጊዜ ይፈልጋል፤ አዳማ ላይ ሳይጠቀለል አገዳው ይቀድመዋል። ቅጠሉን ከዳር ከዳር እየቀነጠቡ የሚበሉት ልቅ ቅጠል ሰላጣ ቶሎ ስለሚደርስ ከሙቀቱ ጋር የሚደረገውን ሩጫ ሊያሸንፍ ይችላል። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ መልቀም እንደሚሻልና ከሙዝ ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ ቅጠሉን በቡናማ ነጠብጣብ እንደሚያበላሸውም ጨመረ፤ ምክንያቱም ሲበስል ከሙዙ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለው ጋዝ ነው።

25ኛው በጓንግዡ በንግድ የቆየ ሰው ነው፤ ቻይናውያን የሰላጣን አገዳ ልጠውና ከትፈው በዘይት ጠብሰው እንደሚበሉ፣ ለስላሳና ጭማቂ የሞላው እንደሆነ ተናግሮ፣ አገዳ አወጣብኝ ብሎ ማዘን ለምን አስፈለገ ሲል ጠየቀ። 26ኛዋ ያንኑ ቀን ሞክራዋለች። የራሷን አገዳ ያወጣ ሰላጣ ልጣ በነጭ ሽንኩርት ብትጠብሰው ውጭው እንጨት፣ ውስጡ ሐሞት ሆኖባት ለዶሮ ሰጠችው፤ ዶሮዎቹም ብዙ አልጓጉም። ለመካሪው የጻፈችለት ቃል ለስላሳ አልነበረም። እርሱም ቻይናዎቹ የሚበሉት አገዳው እንዲወፍርና እንዳይመር ተመርጦ የመጣ ሌላ ዝርያ መሆኑን አስቀድሞ አለመናገሩን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታው በቁጥር ሳይመዘገብ በዚያው በ25ኛው ምላሹ ግርጌ ታክሏል። 27ኛው የዚያን ዝርያ ዘር አዲስ አበባ ውስጥ የሚያስመጣ ሱቅ የሚያውቅ ካለ እንዲጠቁመው ጠይቋል፤ እስካሁን የመለሰለት የለም።